ሰባቱ የመጠበቂያ ቀኖች፤ የሰርቨር ፓች ማጽደቂያ ደንብን በኮድ ስለ መጻፍ

በኤውሮጳ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 2017 የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት የሜርስክ ኮምፒውተሮች በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ተራ በተራ ጠቁረው ቀሩ። ከድርጅቱ ጋር የሚሠሩ የወደብ ጣቢያዎች የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ የትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ ለመናገር አልቻሉም፤ አዲስ ጭነት ለማስመዝገብ የፈለገ ነጋዴም የሚመልስለት አላገኘም። የድርጅቱ ሊቀ መንበር በጃንዋሪ 2018 በዳቮስ ስብሰባ ላይ እንደ ገለጹት፣ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መቋቋም ነበረባቸው። ጉዳቱም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ዋና የተጠቃሚዎች መዝገብ የተገኘው በጋናው ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የተረፈበትም ምክንያት በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ከመሥመር ውጭ ስለ ነበረ ነው። መብራት መጥፋቱ ነጋዴን የጠቀመበት ቀን ቢኖር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ኖትፔትያ የተባለው ያ አጥፊ ፕሮግራም የገባው በዩክሬን ለግብር ሒሳብ በሚያገለግል ሶፍትዌር ማደሻ በኩል ነበር። ከገባ በኋላ ግን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛው በዊንዶውስ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ። ለዚህ ቀዳዳ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ማርች 14 ቀን 2017 ነበር፤ ይኸውም 105 ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። በዚሁ ቀዳዳ የተጠቀመው ዋናክራይ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያወከው ደግሞ ሜይ 12 ቀን፣ መድፈኛው በወጣ በ59ኛው ቀን ነው። መድፈኛው ብቻውን ኖትፔትያን ሙሉ በሙሉ ባላቆመው ነበር፤ የይለፍ ቃል የሰረቀ ሌባ በሌላ በር ይገባልና። ነገር ግን 59 ቀንም ሆነ 105 ቀን አንድ የተዘጋጀ መድፈኛ በመጋዘን ሊያድርበት የሚገባ ጊዜ አይደለም።

ባለሙያዎች ይህን መድፈኛ ፓች ይሉታል። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ ፓቾቹን በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣል፤ ሰዓቱ በአዲስ አበባ ሲቆጠር እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው። የወጣው ሁሉ ግን ወዲያው ሰርቨር ላይ አይጫንም። አንድ ሰው ይህ ይግባ፣ ያ ይቆይ ብሎ ማጽደቅ አለበት። ሦስት ሰርቨር ያለው አስመጪ ይህን በእጅ ቢያስደርግ አያስነቅፈውም። በአዲስ አበባ የሽያጭ መዝገብ፣ በጂቡቲ የጭነት መዝገብ፣ በዱባይ የግዥ መዝገብ ያለው ቤት ግን የማጽደቁን ሥራ ለአንድ ባለሙያ ትዝታ ቢተው፣ ባለሙያው ፈቃድ በወጣበት ወር የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ የማጽደቂያ ደንብ ተፈጠረ። ለምሳሌ አማዞን ሰርቨር ለሚያከራያቸው ደንበኞቹ ፓች ማኔጀር የተባለ አገልግሎት ይሰጣል። በዚህ አገልግሎት ደንብ የሚያወጣው ሰው አራት ነገር ይወስናል፤ ደንቡ ለየትኛው የሰርቨር ዓይነት እንደሆነ፣ ለየትኛው የፓች ክፍል እንደሆነ፣ የአደጋው ደረጃ ምን ያህል እንደሆነና ፓቹ ከወጣ ከስንት ቀን በኋላ በራሱ እንደሚጸድቅ። ቀኑ ከ0 እስከ 360 ሊሆን ይችላል። አማዞን ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው የዊንዶውስ ሰርቨር ደንብ ከባድና ዋነኛ የተባሉትን የደህንነት ፓቾች የሚያጸድቀው ከ7 ቀን በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት የስም ዝርዝሮች አሉ፤ በአንዱ የተጻፈ ፓች ቀን ሳይቆጠርበት ያልፋል፣ በሌላው የተጻፈ ፓች ቀኑ ቢሞላም አይገባም።

ይህን ሁሉ በመስኮት ላይ ቁልፍ እየተጫኑ መሙላት ይቻላል። ብዙ ቤቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ግን ማን እንደ ሞላው፣ መቼ እንደ ለወጠው፣ ለምን እንደ ለወጠው ከሞላው ሰው ጋር አብሮ ይሄዳል። ደንቡ በኮድ ሲጻፍ፣ ለምሳሌ ቴራፎርም በተባለው መሣሪያ፣ ጥቂት መስመሮች ያሉት ጽሑፍ ይሆናል። ጽሑፉም ጊት በሚባለው የለውጥ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተለወጠው መስመር ከነቀኑና ከለዋጩ ስም ጋር ይታያል። የአዲስ አበባውም ሆነ የዱባዩ ሰርቨር አንዱን ጽሑፍ ያነባሉ። አንድ ሰው በችኮላ ቁልፍ ተጭኖ ደንቡን ቢለውጥ እንኳ፣ መሣሪያው በሚቀጥለው ጊዜ ሲሠራ የተጻፈውና ያለው አለመስማማታቸውን አውጥቶ ያሳያል።

ለነጋዴ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ፊርማ ነው። ትልቅ ቼክ በአንድ ሰው ፊርማ አይወጣም፤ በኮድ የተጻፈ ደንብም ሌላ ሰው አንብቦ ሳያጸድቀው ሥራ ላይ እንዳይውል ማድረግ ይቻላል። 7 ብሎ ሊጽፍ የፈለገ ባለሙያ 70 ብሎ ቢጽፍ፣ ማሽኑ 70ን እንደ ትክክለኛ ቁጥር ይቀበለዋል። ኮምፒውተሮቹም ከሁለት ወር በላይ በዋናክራይ ዘመን እንደ ነበሩት ቀዳዳቸው ክፍት ሆኖ ይኖራሉ፤ ስሕተት የሚል መልእክትም የትም አይወጣም። ዜሮዋን የሚያያት ሁለተኛው አንባቢ ነው።

ታዲያ ለምን 7 ቀን መጠበቅ አስፈለገ? መድፈኛው ራሱ አንዳንድ ጊዜ ስለሚያፈርስ ነው። ማይክሮሶፍት ጃንዋሪ 11 ቀን 2022 ያወጣቸው ፓቾች ሠራተኞች ሁሉ የሚገቡበትን መዝገብ የሚይዙትን የዊንዶውስ ሰርቨሮች ደጋግመው እየጠፉ እንዲነሡ አደረጓቸው። እንዲህ ያለ ሰርቨር ሲታወክ ሒሳብ ሹሙም ሻጩም ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ያቅተዋል። ማረሚያው የወጣው በ17ኛው ቀን፣ ማለት ከ6 ቀን በኋላ ነበር። 7 ቀን የሚጠብቅ ደንብ የነበረው ቤት በዚያ ሳምንት ሌሎች ሲቸገሩ እያየ ሥራውን ሠራ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀኑ ብቻውን አይጠብቅም። ደንቡ የሚያውቀው መቁጠር ብቻ ስለሆነ፣ የተበላሸውም ፓች 7 ቀኑ ሲሞላ እንደ ደኅናው ይጸድቃል። የ17ኛው ቀን ማረሚያ ደግሞ የራሱን 7 ቀን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ አሮጌውና ጎጂው ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ የአምራቹን ማስታወቂያና የሌሎችን እሮሮ የሚያነብ፣ ክፉውን ፓች በስሙ በእገዳ ዝርዝር ላይ የሚጽፍ፣ ማረሚያውንም በፈጣኑ ዝርዝር ላይ የሚያስገባ ሰው መኖር አለበት። ሰው ያልተመደበበት 7 ቀን፣ ዕቃ በጉምሩክ መጋዘን አቆይቶ ማንም ሳይፈትሸው እንደ መልቀቅ ይቆጠራል፤ የመጋዘን ኪራይ ተከፈለ፣ ፍተሻው ግን አልተደረገም። ደህና አድርገው የሚያስኬዱት ቤቶች ለሙከራ በተለዩ ሁለት ሦስት ሰርቨሮች ላይ ቀኑን 0 አድርገው ይጽፋሉ፤ በገንዘብ መቀበያው ሰርቨር ላይ 7 ይጽፋሉ። በመካከል ያለው ሳምንት የሙከራዎቹ ሰርቨሮች መታዘቢያ ይሆናል።

ደንቡ የሚገዛው በርሱ በር የሚያልፈውን ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ጁላይ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የጥበቃ ሶፍትዌር የተበላሸ ፋይል ተቀብሎ፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሲወድቁና አውሮፕላኖች ሲቆሙ፣ ፋይሉ የገባው በድርጅቱ በራሱ መንገድ እንጂ በፓች ማጽደቂያ ደንብ በኩል አልነበረም። ድርጅቱ ፋይሉን የመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢሆንም፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ኮምፒውተሩ በርቶ የነበረ ሁሉ ተቀብሎት ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ማደሻው በየትኛው በር እንደሚገባ ሻጩን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 7 ቀን የሚበዛበት ጊዜ አለ። ሌቦች አሁኑኑ እየተጠቀሙበት ያለ ቀዳዳ ሳምንት አይታገሥም። ሲሳ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚዘረዝር መዝገብ ለሕዝብ አውጥቷል፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። በዚያ መዝገብ ላይ የታየ ቀዳዳ ፓቹ በፈጣኑ ዝርዝር ላይ በስሙ እንዲጻፍ ያስፈልጋል።

መጽደቅ መጫን አለመሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መጫኑ የሚሆነው ለጥገና በተመደበው ሰዓት ነው። ሰርቨሩ እሑድ ሌሊት ብቻ የሚታደስ ቢሆን፣ ማክሰኞ የወጣው ፓች በሚቀጥለው ማክሰኞ ይጸድቃል፣ የሚጫነው ግን ከወጣ በ12ኛው ቀን ነው። በዚያች እሑድ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ካልተነሣ 19 ቀን ይሆናል። ጭነት ከወደብ እስከ መጋዘን ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያሰላ ነጋዴ ይህንም እንደዚያው ማስላት አያቅተውም። በኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ፓቹ የወጣበትን ቀን በርግጥ ማወቅ ስለማይቻል፣ የአማዞኑ የቀን ቆጠራ አይሠራም። የዊንዶውሱን ደንብ አይቶ ለሁሉም 7 ቀን ተሰጥቷል ብሎ ያመነ ባለቤት ተሳስቷል።

አንድ ኮምፒውተር ብቻ በባንኮኒው ላይ ያለው ባለሱቅ ይህ ሁሉ አያሻውም። ዊንዶውስ በራሱ እንዲታደስ መተው ይበቃዋል፤ ለአንድ ከረጢት ስኳር መጋዘን አይሠራም።

የበዓል ሰሞን ግን ለትልቁም ለመካከለኛውም ይመጣል። ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንቶች ማንም ነጋዴ የሽያጭ መዝገቡ እንዲነካበት አይፈልግም። ለዚህ ደንቡ በቀን ቁጥር ፈንታ ‹‹እስከዚህ ቀን ድረስ የወጡትን ብቻ አጽድቅ›› የሚል መስመር ይቀበላል። ቀኑ የሚጻፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩና ቀኑ ይከተላሉ። በመጋቢት 22 ቀን 2018 ማቆም የፈለገ ባለሙያ 2026-03-31 ብሎ ይጽፋል። በልማድ 2018-07-22 ብሎ ቢጽፍ ግን መስመሩ ደኅና ቀን ይመስላል፤ ደንቡም በኤውሮጳ ከጁላይ 2018 በኋላ የወጣውን ፓች ሁሉ፣ የስንት ዓመቱን መድፈኛ፣ ሳያጸድቅ ያስቀረዋል። ቀኑ በትክክል ቢጻፍም፣ በዓሉ ሲያልፍ መስመሩን የሚያነሣው ሰው ስም ከመስመሩ አጠገብ መጻፍ አለበት፤ ካልተነሣ ሰርቨሩ በዓሉን እያከበረ ይከርማልና።