ጭሱ ሲጠፋ መርዙ አይጠፋም፦ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። በክረምት ዝናቡና ጉሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ነዋሪውን በር ዘግቶ እሳት እንዲሞቅ ያስገድደዋል። በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ማዕድ ቤቱም መኝታ ቤቱም ያችው ክፍል ናት።

ከሰል በአካባቢው ብርቅ አይደለም። የፋግታ ለኮማና የአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ በማሳቸው ተክለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያከስሉታል፤ ምርቱም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ይኸው ከሰል ዓይን ስለማያስለቅስ፣ ግድግዳም ስለማያጠቁር ከእንጨት ይልቅ ንጹሕ ማገዶ ተደርጎ ይታያል።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገባዋል። ልማዱ ጭሱን በእርግጥ ይቀንሳል። የቀላው ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰውየው አየር እየሳበ ከውስጥ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላሉ። ምልክቶቹ ከብርድ ወይም ከምች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ በሩን ይበልጥ የሚዘጋ አይጠፋም። የተኛ ሰውማ ምልክቱንም ሳያውቀው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብላት የሚገባት አራስ ናት። ብርድ እንዳይመታት ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ምድጃው ከአልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ጋዙን ከእርሷ ጋር የሚስበው ሕፃኑ ነው።

የእንጀራ መጋገሪያው እንጨት ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ወደ ሳንባ ዘልቆ ይገባል፤ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል።

ምርጥ ምድጃ እንጨት፣ ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባሉ። ይሁንና ከሰል የቆጠበ ምድጃ ሁሉ ጋዙን አስቀርቷል ማለት አይደለም፤ በላቀችም ቢሆን በርና መስኮት መከፈት አለባቸው። መብራት ባለበት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር፣ በሌለበት ደግሞ ምድጃውን ወደ በረንዳ ማውጣት ይሻላል። ለሙቀት የገባ ፍም ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት ይኖርበታል፤ አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ቢመስልም ከሥሩ ይነዳል። ራሱን ያዞረው ሰው ካለ በቅድሚያ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።