በየትኛው ማጣሪያ?

«የዚህ ጅራታም ኮከብ ፖላራይዜሽን 12 በመቶ ነው» የሚል ውጤት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ በየትኛው ማጣሪያ ተለካ? መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቁጥሩን አላምነውም።

የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። የጅራታም ኮከብ አቧራ ላይ አርፎ ሲበተን ግን መርገብገቡ ለአንድ አቅጣጫ ያደላል፤ ፖላራይዜሽን ብለን በመቶኛ የምንለካው ይህንን ማድላት ነው። ሳይንቲስቱ ፍራንሷ አራጎ ፓሪስ ላይ በ1819 (እ.ኤ.አ.) ከጅራታም ኮከብ ብርሃን ውስጥ አግኝቶታል። መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ፀሐይ፣ ጅራታም ኮከቡና ምድር የሚሠሩት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አቧራ የበዛበት ጅራታም ኮከብ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ከ22 ዲግሪ ገደማ በታች ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፣ መጠኑም አነስተኛ ይሆናል።

እኔን የሚይዘኝ የቀለሙ ጉዳይ ነው። በሰፊ ማዕዘን ሲለካ፣ አብዛኞቹ ጅራታም ኮከቦች ከሰማያዊ ይልቅ በቀይ ብርሃን ትንሽ ከፍ ያለ ፖላራይዜሽን አላቸው። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር የአቧራዋ ቅንጣት ከሞገዱ አንጻር ታንሳለች፤ ያነሰች ቅንጣት ደግሞ ብርሃኑን ይበልጥ ታስደላዋለች። ወደ ኢንፍራሬድ ሲገባ ግን ረጅሙ ሞገድ በአቧራው ክምችት ውስጥ ብዙ ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚነካ፣ ጭማሪው ሊቆም ወይም ሊቀንስ ይችላል። የምናየው አቧራ እርስ በርሱ የተጣበቀ ልል ክምችት መሆኑን ካመላከቱን ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የማጣሪያው ችግር ከአቧራው ጋር ያለው ጋዝ ነው። ሳያኖጅን 388 ናኖሜትር ላይ፣ ሁለት የካርበን አቶሞች የተጣመሩበት ሞለኪውል ደግሞ አረንጓዴው አካባቢ የራሳቸውን ብርሃን ያወጣሉ። የዚህ ብርሃን ፖላራይዜሽን 90 ዲግሪ ላይ እንኳ ስምንት በመቶ አይሞላም። ሰፊ ማጣሪያ የአቧራውንና የጋዙን ብርሃን ይደባልቃል፤ ውሃ የገባበት ወተት ለክቶ «ላሟ ቀጭን ወተት ትሰጣለች» እንደማለት ነው። ጋዝ ከአቧራ ይልቅ ከአስኳሉ ርቆ ስለሚሰራጭ፣ በአስኳሉ ዙሪያ የሚለካው ክብ በሰፋ ቁጥር ስሕተቱም ያድጋል። ጅራታም ኮከቦች በአቧራቸው ከፍተኛና ዝቅተኛ ፖላራይዜሽን ያላቸው ሁለት ወገኖች ናቸው የሚለውን አስተያየት በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ጠባብ ማጣሪያ ነው። ሄል-ቦፕ ለተባለው ጅራታም ኮከብ የተዘጋጁት 445፣ 526 እና 713 ናኖሜትር አካባቢ ከጋዝ የጸዳውን ክፍል ያሳልፋሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ የሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ ደብዛዛ ጅራታም ኮከብ ሲሆን ሌሊቱ ለአንድ ቀለም እንኳ ያንሳል።

ሁሉም ልዩነት ከጋዝ ነው ማለቴ አይደለም። ጃኮቢኒ-ዚነር የተባለው ጅራታም ኮከብ ከጋዝ በጸዳ ማጣሪያም ተለክቶ ከቀይ ይልቅ በሰማያዊ ከፍ ያለ ፖላራይዜሽን አሳይቷል። ሄል-ቦፕ ከሌሎቹ በላይ ነበረ፤ በ2019 ከሌላ ኮከብ ሥርዓት የመጣው ቦሪሶቭም ቺሊ በሚገኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ሲለካ እንደ ሄል-ቦፕ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ማመን የምንችለው ጋዙ ከተለየ በኋላ ነው። እንግዲህ ውጤት የምታትሙ ወጣቶች፣ ከመቶኛው ጎን የማጣሪያውን ስፋት፣ ማዕዘኑንና የለካችሁትን ክብ መጠን ጻፉልን።