ፎርማት ሳይደረግ

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ወጥቶ ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግሏል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን ሲያቆም በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር በማግስቱም እንደ ወትሮው ተከፍቷል። የቀረበት ነገር ለዓይን አይታይም፤ ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ ውስጥ ቀዳዳ ሲገኝ ለተጨማሪ ድጋፍ ካልተመዘገበ በቀር የሚደፍንለት የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ይፈልጋል። የሚያሳዝነኝ ግን ፈላጊው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው «ፎርማት ለማስደረግ ስንት ነው?» ብሎ መሆኑ ነው።

ፎርማት አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10ን ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻሻል ሲቻል ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ የተጫነው ፕሮግራም፣ የአታሚው ቅንብር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ሳይቀር በቦታው ይቆያል። እንዲህ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ እንዲህ የተናቀ የኮምፒውተር ሥራ አላውቅም። ሰው ስለማያውቀው አይጠይቀውም፤ ስለማይጠይቀውም ጥገና ቤቱ አያቀርብለትም።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልበል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ማሽንና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚባለው ነጻ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ማሽናችሁ ያልፍ እንደሆነ በደቂቃ ይነግራችኋል። ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ማሻሻያው አያስከፍልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህ የፎርማት ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ከኤክስፒ በቀጥታ ወደ እሱ መሻገር አይቻልም ነበር። ከቪስታ የመጣ ይሻሻል ነበር፤ ኤክስፒ የያዘ ሰው ግን አዲስ አድርጎ ከመጫን ሌላ መንገድ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ሙያውን የለመደ ቴክኒሻን ሲዲውን አስገብቶ፣ ሲ ድራይቭን ጠርጎ፣ እንደገና መጫንን እንደ ብቸኛው መንገድ ቢይዘው አይፈረድበትም። ሙያው ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ልማዱም አብሮ ተላለፈ፤ ምክንያቱ ግን ከቀረ ቆይቷል። ከዊንዶውስ 7 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 11 የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው።

በፎርማትና በማሻሻል መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው የመጫኛው ፍላሽ በሚሰካበት ቅጽበት ነው። አንድ ፍላሽ፣ ያው አንድ የመጫኛ ፋይል፣ ሁለት በር አለው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከፍላሹ ካስነሣችሁት አዲስ ጭነት ብቻ ነው የሚቻለው፤ ለማሻሻል ዊንዶውስን በተለመደው መንገድ ከፍታችሁ ከዚያ መጀመር አለባችሁ። ዊንዶውስ 10 እየሠራ ፍላሹን ከፍታችሁ «ሴትአፕ» የሚለውን ሁለቴ ከተጫናችሁ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀርብላችኋል፤ ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ፣ ፋይል ብቻ ይቆይ፣ ወይስ ምንም አይቆይ? የመጀመሪያውን ምረጡ። የሰው የዓመታት ሥራ በዚህች አንዲት ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ በብዙ ጥገና ቤት ጥያቄዋ ለባለቤቱ አትደርስም።

ከምርጫው በኋላ ማሽኑ የሚሠራው ሥራ ነው እኔን የሚማርከኝ። መጀመሪያ አሮጌው ሲስተም ሥራውን እየሠራ ሳለ «ሴትአፕ» የተባለው ማዘጋጃ ፕሮግራሞቹንና ድራይቨሮቹን ይመረምራል፤ ቦታ መኖሩን ያያል፤ አዲሶቹን ፋይሎች በተሸሸገ አቃፊ ያከማቻል። በዚህ ሰዓት ደብዳቤ መጻፍ ትችላላችሁ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ይጠፋና ይነሣል፤ የሚነሣው ግን አሮጌውም አዲሱም አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ሦስተኛ ትንሽ ሲስተም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እየሠራ ያለ ሲስተም የራሱን ፋይሎች ከሥሩ ማንሣት አይችልም። ትንሹ ሲስተም አሮጌውን ዊንዶውስ አንሥቶ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» በሚባል አቃፊ ያስቀምጠዋል፤ አዲሱን በቦታው ይዘረጋል። ከዚያ አዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሣና የማሽኑን ክፍሎች አንድ በአንድ እየለየ ድራይቨር ይሰጣቸዋል። እንደገና ይነሣና የእናንተን ፕሮግራሞች፣ ቅንብሮችና ፋይሎች ይረከባል።

በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ አንድ ነገር እንቢ ካለ ማዘጋጃው ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል። ተጠቃሚው የሚያየው «ወደ ቀድሞው የዊንዶውስ ስሪት በመመለስ ላይ» የሚል ጽሑፍ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ተበላሸ» ብሎ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል፤ እዚያም ፎርማት ይደረግለታል። የተበላሸ ነገር ግን የለም። ማዘጋጃው አዲሱን ሊያስቀምጥ ሞክሮ አንዱ ክፍል ስላልተስማማው አሮጌውን በደኅና መለሰ፤ የተሠራውም ለዚህ ነው። በአብዛኛው ጥፋተኛው የአንድ ዕቃ ድራይቨር ወይም ሌላ ድርጅት የሠራው አንቲቫይረስ ነው። አታሚውን፣ ተጨማሪውን ሃርድ ዲስክ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ንቀሉ፤ አንቲቫይረሱን አውጡ፤ ድራይቨሮቹን አድሱና እንደገና ሞክሩ።

ተሳክቶ ካለፈ በኋላም መመለሻው አይዘጋም። አዲሱን ካልወደዳችሁት፣ ወይም አንድ የምትተዳደሩበት ፕሮግራም ካልሠራ፣ በሴቲንግስ ውስጥ «ሪከቨሪ» ከሚለው ገብታችሁ ወደ አሮጌው መመለስ ትችላላችሁ። የተሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው። በመጀመሪያ 30 ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳጠሩት። ሙያው ያለው ሰው በትእዛዝ መስመር እስከ 60 ቀን ሊያራዝመው ይችላል፤ ይህን የሚያደርግ ጥገና ቤት ካገኛችሁ ደንበኝነታችሁን አትልቀቁ።

እዚህ ላይ የምቆጣው በተጠቃሚው ነው። ማሻሻያው ባለቀ ማግስት «ዲስኬ ሞላ» ብሎ ያንን የአሮጌ ዊንዶውስ አቃፊ የሚያጠፋ ሰው ሞልቷል። እርግጥ ብዙ ጊጋባይት ይይዛል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሲስተሙ ራሱ ያነሣዋል። ታገሡት። እናንተ ካጠፋችሁት መመለሻው በር አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

በሐቅ መነገር ያለበት ሌላም አለ። «ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ» የሚለው ምርጫ አንዳንዴ ደብዝዞ አይነካም። አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የተጫነው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ የመጫኛው ፋይል የብሪታንያ እንግሊዝኛ ከሆነ ማዘጋጃው ፕሮግራሞቹን አያስቀጥልም። ትክክለኛውን ፋይል ማውረድ ብቻ ነው መፍትሔው፤ ስንቱ ግን ይህን ሳያውቅ ተስፋ ቆርጦ ጠራርጓል! ሌላው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ነው፤ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ስለሚመጣ በዚህ ጊዜ አዲስ ጭነት ግድ ነው። ግድ ሲሆንም እንኳ ሲ ድራይቭን ሳይጠርጉ እዚያው ላይ ቢጭኑ የቀድሞው የተጠቃሚ አቃፊ ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር ተቀምጦ ይገኛል። ፎርማት የሚለውን ቁልፍ መጫን እዚህም አላስፈለገም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ «ኒያላ» የተባለ የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮም ከዚያ በኋላ፣ የተጻፈው የተተየበው ዩኒኮድ ባልሆኑ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ፎንቱ ከማሽኑ ከጠፋ ሰነዱ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ይጠፋል፤ በማሻሻል ጊዜ ግን የተጫነው ፎንት ይሻገራል። ሰነዱን በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ሰው እንኳ ፎንቱን ካላሰበበት «ቫይረስ በላብኝ» ብሎ ያለቅሳል።

ጎረቤታችን የሆኑ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማሽናቸውን አንድ ጥገና ቤት ሰጡ፤ ልጁም ዲ ድራይቭ ላይ ያለው አይነካም አላቸው። እውነቱን ነው፤ ዲን አልነካውም። «እኔ ግን ልጄ፣ ሁሉን የማስቀምጠው ፊት ለፊቴ ዴስክቶፕ ላይ ነው» አሉኝ። ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ለብዙ ዓመት የሰበሰቡት የሰዋስው ማስታወሻ ከፊሉ በማዳኛ ፕሮግራም ተገኘ፤ የፋይሎቹ ስም ግን ጠፍቶ፣ ፊደሉም ምልክት ሆኖ። ፎንቱን ስንጭንለት ገጾቹ ተነበቡ፤ ያልተገኘው ከፊል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኚህ ሰው የጠፋባቸው አገልግሎቱን በማጣት ሳይሆን ገንዘብ ከፍለው ነው።

ስለ ቲፒኤም አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፤ ምክንያቱም «ማሽንህ ቺፑ የለውም» ተብሎ ላፕቶፑን በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ቲፒኤም የግድ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ ባሉት ፕሮሰሰሮች ዘንድ ሥራው በአብዛኛው እዚያው ፕሮሰሰሩ ጋር ተሠርቶ ይመጣል፤ ኢንቴል «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ያለው ተዘግቶ ነው፤ ባዮስ ገብቶ መክፈት ይበቃል። ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ባዮስን ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩን ማንም፣ ማይክሮሶፍትም ቢሆን፣ ሊከፍትላችሁ አይችልም።

መብራት ላይ ደግሞ አትጫወቱ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተዋሱ። ማዘጋጃው መብራት ሲቋረጥ ራሱን ለማዳን ይሞክራል፤ ይህን ችሎታውን ግን አትፈትኑት። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለጎረቤት ማዳረስ ይችላል፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ይበቃል። ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ ላይ ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ መደርደር ከንቱ ነው፤ ክራኩን የሠራው ሰው ምን አብሮ እንደጨመረበት ማወቂያ የላችሁም።

ማሻሻያው ፋይል አይነካም ማለቴ ባክአፕ አትያዙ ማለት አይደለም። ሃርድ ዲስክ በማንኛውም ቀን ሊሞት ይችላል፤ የሰርጉ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉ በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ይኑራቸው፤ ፎንቶቹም አብረው ይቀመጡ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ለቴክኒሻኑ «ፕሮግራሜም ፋይሌም ሳይነካ ከውስጥ ሆነህ አሻሽልልኝ» በሉት። እንቢ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት፤ በቂ ምክንያት ካልሰጣችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ማሽናችሁ ለዊንዶውስ 11 ካልደረሰ ደግሞ ተቻኩላችሁ አትሽጡት። ማይክሮሶፍት ለተመዘገበ የዊንዶውስ 10 የቤት ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚልክ አስታውቋል፤ ቅንብሩን በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚያስቀምጥ ተጠቃሚ ምዝገባው ክፍያ የለውም። ምዝገባው ያለው ሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ከሚለው ሥር ነው፤ ዛሬውኑ ገብታችሁ ተመዝገቡ።