ለቤታችን ወለል ስንት ይበቃል?

አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ፊደል ቆጥራችኋል፤ መደመርና ማባዛትም ተምራችኋል። ይህ እውቀት ደብተር ላይ ተጽፎ መቅረት የለበትም። ዛሬ ይዘነው ገበያ እንውረድ።

በወሎ ብዙ የገጠር ቤት ወለሉ አፈር ነው። በእበት ይለቀለቃል። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ አቧራ ያወጣል። በአቧራው ውስጥ ሙጃሌ ይራባል፤ የልጆችን እግር ይበላል። ስለዚህ አቅም ሲፈቅድ ሰው ሰሌን ያነጥፋል፣ ፕላስቲክ ምንጣፍ ይገዛል፣ ወይም ወለሉን ሊሾ ያስደርጋል። ሊሾ ማለት ሲሚንቶና አሸዋ ተቦክቶ የተለሰነበት ወለል ነው።

ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በግ ተሸጦ የሚገኝ ነው። የገዛነው ዕቃ ቢያንስ እንደገና ወደ ከተማ መሄድ ሊኖር ነው። ቢተርፍ ደግሞ የበጉ ዋጋ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እንግዲያስ ከመግዛታችን በፊት እንለካ።

1. አለካክ

የለመድነው በክንድ መለካት ነው። ነገር ግን የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ እኩል አይደለም። ነጋዴው የሚሸጠውም በሜትር ነው። ስለዚህ ከልብስ ሰፊ ሜትር እንዋስ። እስከ 100 ቁጥር ድረስ ያለው 1 ሜትር ነው። ረጅም ገመድ እንያዝና በየሜትሩ በከሰል ምልክት እናድርግበት። ቋጠሮ አይሆንም፤ ገመዱን ያሳጥረዋል።

የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም። ርዝመቱን በሁለቱ ዳርና በመካከል ሦስት ጊዜ ለክተን ትልቁን ቁጥር እንጻፍ። ወርዱንም እንዲሁ። መደብ ካለ ከመደቡ ጫፍ እንጀምር፤ ከመደብ ሥር ምንጣፍ አይገባምና።

የቤቱ ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው እንበል።
4 × 3 = 12
ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። ካሬ ሜትር ማለት በአራቱም ጎን 1 ሜትር የሆነ ቦታ ነው።

ቤቱ ክብ ጎጆስ ቢሆን? አብሽሩ፣ እሱም ይለካል። ከመካከለኛው ምሰሶ እስከ ግድግዳው እንለካ። 2 ሜትር ቢሆን፣ 2 × 2 = 4 ይሆናል። ይህን በ3.14 እናባዛ። 12 ተኩል ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል።

2. ፕላስቲክ ምንጣፍ

ነጋዴው ከጥቅሉ ላይ ርዝመቱን በሜትር ይቆርጣል። ወርዱ ግን እንደመጣ ነው። ስለዚህ «ሜትሩ ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ወርዱ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። 2 ሜትር ነው እንበል።

በቤቱ ርዝመት ብናነጥፍ ባለ 4 ሜትር ሁለት ቁራጭ ያስፈልገናል። 4 + 4 = 8 ሜትር ነው። የቤቱ ወርድ 3 ሜትር ስለሆነ ከሁለተኛው ቁራጭ ግማሹ ይተርፋል።

አዙረን በቤቱ ወርድ ብናነጥፍስ? ባለ 3 ሜትር ሁለት ቁራጭ ይበቃናል። 3 + 3 = 6 ሜትር ነው። ቤቱ ያው ነው፤ ምንጣፉም ያው ነው። የ2 ሜትር ዋጋ ግን ኪሳችን ውስጥ ቀረ። ለመከርከሚያ በየጫፉ ጋት ያህል ስንጨምር 6 ተኩል ሜትር እንገዛለን።

ለክቡ ጎጆ ግን 12 ተኩል ካሬ ሜትር አይበቃም። ጥጋጥጉ ተቆርጦ ይወድቃልና። ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ስለሆነ ባለ 4 ሜትር ሁለት ቁራጭ፣ 8 ሜትር እንገዛለን።

ሰሌን እንደ ፕላስቲክ ከጥቅል እየተቆረጠ አይሸጥም። ባቲ ሰኞ ገበያ ብንወጣም፣ ደሴ ብንገዛም፣ የአንዱን ሰሌን ርዝመትና ወርድ ለክተን ወለላችን ላይ ስንት እንደሚዘረጋ እንቁጠር።

3. ሊሾ

ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለ1 ካሬ ሜትር 30 ሊትር ያህል አሸዋ ይገባል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል ነው። ለ12 ካሬ ሜትር 18 ጀሪካን ይሆናል።

ለሦስት አሸዋ አንድ ሲሚንቶ ይቀላቀላል።
18 ÷ 3 = 6 ጀሪካን፤ ማለትም 120 ሊትር ሲሚንቶ።
50 ኪሎ የሚይዘው አንድ ከረጢት 35 ሊትር ያህል ይወጣዋል። ሦስት ከረጢት 105 ሊትር ነው፤ አይበቃም። አራት ከረጢት፣ ማለትም 2 ኩንታል እንገዛለን። የሚተርፈው ላዩን ለማለስለስ ይሆናል። ከሥር የሚነጠፈው ድንጋይ ለብቻው ይታሰባል።

ሲሚንቶ እንደ ምንጣፍ ለከርሞ አይቀመጥም። በክረምት ጉምና እርጥበት ሲያገኘው እከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ «ይትረፍ ግድ የለም» ማለት ለሲሚንቶ አይሠራም።

4. ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለምሳሌ በአንደኛው ከተማ ምንጣፉ በሜትር 20 ብር ቢረክስ፣ 6.5 × 20 = 130 ብር እናተርፋለን። ነገር ግን ወደዚያ ለመሄድ የሚጨመረው የመኪና ሂሳብ ደርሶ መልስ ከ130 ብር ከበለጠ፣ ርካሽ ያልነው ተወደደ ማለት ነው። ዋጋ ስንጠይቅ መንገዱንም እንደምር።

ልኩን በወረቀት ጽፈን ይዘን እንሂድ። ነጋዴው «ለዚህ ቤት 8 ሜትር ያስፈልጋል» ቢለን ወረቀታችንን አውጥተን «አይ፣ 6 ተኩል ቁረጥልኝ» እንበለው። የበጉ ባለቤት እኛ ነን፤ የሂሳቡም ባለቤት እኛው እንሁን።

መልመጃ

የአንድ ቤት ርዝመት 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ነው።
ሀ. ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው?
ለ. የፕላስቲኩ ወርድ 2 ሜትር ቢሆን በቤቱ ርዝመት ማንጠፍ ይሻላል ወይስ በወርዱ?
ሐ. ለሊሾው ስንት ጀሪካን አሸዋና ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል?

መልስ፦ ሀ. 20 ካሬ ሜትር። ለ. በርዝመቱ ይሻላል፤ 10 ሜትር ይበቃል። በወርዱ ግን 12 ሜትር ይፈጃል። ሐ. 30 ጀሪካን አሸዋና 6 ከረጢት ሲሚንቶ።