የመድኃኒት ክሪስታል ጽናት በኮምፒውተር እንዴት ይነጻጸራል? ለተጠቃሚውስ ምን ማለት ነው?

በዱከም ከተማ በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ መድኃኒት ይመረታል። እዚያም ሆነ በውጭ አገር የተመረተ እንክብል ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ በአብዛኛው ክሪስታል ነው፤ ይኸውም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር ማለት ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ሞለኪውል ከአንድ በላይ በሆነ አደራደር ክሪስታል ሊሠራ ይችላል። የአደራደሩ ልዩነት መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟበትን ፍጥነት ይለውጣል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የሪቶናቪር ታሪክ ያሳያል። ይህ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ከቀረበ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቀድሞ ያልታወቀና በቀላሉ የማይሟሟ ክሪስታል በካፕሱሉ ውስጥ ተገኘ። አዲሱ ክሪስታል ይበልጥ የጸና በመሆኑ የቀድሞውን ማምረት አዳጋች ሆነ፤ ካፕሱሉም ከገበያ ተሰበሰበ።

እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ይታገዛሉ። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሞለኪውሉን ልዩ ልዩ አደራደሮች ይዘረዝራል። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ኃይል ያሰላል። በመጨረሻም ሞለኪውሎቹ በሙቀት ምክንያት የሚያደርጉት ንዝረት ተጨምሮበት፣ ነጻ ኢነርጂ የተባለው መጠን ይነጻጸራል። በአንድ የሙቀትና የግፊት መጠን ዝቅተኛ ነጻ ኢነርጂ ያለው አደራደር የጸናው ነው፤ ሌሎቹ ጊዜ ጠብቀው ወደ እርሱ ሊለወጡ ይችላሉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በሞል ከጥቂት ኪሎጁል ስለማይበልጥ ትንሽ የስሌት ስሕተት ቅደም ተከተሉን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ የቤተ ሙከራ ምርመራን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ለውጡ ከፋብሪካ ውጭም ሊከሰት ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን እርጥበት ሲያገኘው ውኃ ወዳዘለ ክሪስታል ይለወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990፣ እርጥበት ባለበት ቦታ የተቀመጠ እንክብሉ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ፈዋሽነቱን ሊያጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር።

በመሆኑም ተገልጋዮች፦

• መድኃኒትን ከመጀመሪያው ማሸጊያው ሳያወጡ፣ በመለያው ላይ በተጻፈው የሙቀት መጠንና በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤
• በመታጠቢያ ቤት፣ በምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ አያስቀምጡ፤
• ቀለሙ ወይም ጥንካሬው የተለወጠ እንክብል ሲያጋጥምዎ ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ፤ ሕክምናውን ግን ባለሙያ ሳያማክሩ አያቋርጡ፤
• ለጥቆማ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ይደውሉ።