ሐዋላ፦ ከጅዳ እስከ መርሳ የሚደርስ ገንዘብና ዋጋው

ሐዋላ በአንድ አገር የተከፈለ ገንዘብ በሌላ አገር ለሚገኝ ተቀባይ እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራር ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች በርካታ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚሄዱ፣ በዚህ መንገድ የሚመጣው ገንዘብ በአካባቢው ለብዙ ቤተሰቦች የቀለብ፣ የትምህርትና የቤት መሥሪያ ምንጭ ሆኗል።

አሠራሩ ሁለት መልክ አለው። በሕጋዊው መንገድ ላኪው ጅዳ ወይም ሪያድ በሚገኝ ባንክ ወይም የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ሪያል ከፍሎ ሚስጥራዊ ቁጥር ይቀበላል፤ ተቀባዩም ቁጥሩንና መታወቂያውን ይዞ በአቅራቢያው ካለ የባንክ ቅርንጫፍ ብሩን ይረከባል፤ ላኪው ያስመዘገበው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልተስማማ ግን ክፍያው ይዘገያል። በሁለተኛው፣ ያለ ፈቃድ በሚካሄደውና በሕግ በተከለከለው መንገድ፣ ሪያሉ እዚያው ይቀርና አገር ውስጥ ያለ አጋር ብሩን ይከፍላል፤ በውጭ የተከማቸው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ ነጋዴዎች ለሚያስመጡት ዕቃ መክፈያ ስለሚውል፣ የውጭ ምንዛሪው ወደ አገሪቱ ባንኮች ሳይገባ ይቀራል።

የሐዋላ እውነተኛ ዋጋ ከሁለት ነገሮች ይደመራል፤ አንደኛው በደረሰኝ ላይ የሚታየው የአገልግሎት ክፍያ ሲሆን፣ ሌላው በምንዛሪ ተመን ውስጥ የሚሸሸገው ልዩነት፣ ማለትም ድርጅቱ ከዕለቱ የገበያ ተመን ዝቅ አድርጎ በመመንዘር የሚያስቀረው ትርፍ ነው። ለምሳሌ 1,000 ሪያል የሚልክ ሰው 15 ሪያል ከፍሎ በተመኑ 2 በመቶ ቢያጣ ጠቅላላ ወጪው 35 ሪያል ገደማ ይሆናል፤ «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚል ድርጅት ተመኑን በ5 በመቶ ቢቀንስበት ግን 50 ሪያል ያጣል።

ብዙዎችን ወደ ሕገወጡ መንገድ የገፋው ደግሞ በባንክና በትይዩው (ጥቁር) ገበያ ተመን መካከል የነበረው ልዩነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ በትይዩው ገበያ ወደ እጥፍ የተጠጋ ዋጋ ነበረው፤ ከለውጡ በኋላ የባንኩ ተመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ደረሰኝ በሌለው ሐዋላ ገንዘቡ ቢጠፋ ላኪው በፍርድ ቤት የሚያቀርበው ማስረጃ ስለማይኖረው፣ ከሚያገኘው ትርፍ ጋር ይህንንም አደጋ ማመዛዘን ይኖርበታል።

ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰውም በዓለም አቀፍ ካርድ ሲገለገል በተመሳሳይ ስሌት ይመራል። ኤቲኤም በየወጪው ቋሚ ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ትንንሽ ገንዘብ ደጋግሞ ከማውጣት አልፎ አልፎ በዛ ያለውን ማውጣት ይሻላል፤ ማሽኑ ሒሳቡን በካርዱ ገንዘብ ልመንዝር ብሎ ሲጠይቅም፣ በዚህ ምርጫ የሚቀርበው ተመን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በሚገኝበት አገር ገንዘብ መክፈልን መምረጥ ያዋጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስደተኞች ገንዘብ ለመላክ የሚያወጡት ወጪ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ ጥሏል። ላኪውም በበኩሉ ከመክፈሉ በፊት በየድርጅቱ «ይህን ያህል ሪያል ብሰጥ መርሳ ላይ ስንት ብር ይደርሳል?» ብሎ ሊጠይቅና መልሶቹን ሊያነጻጽር ይገባል፤ ክፍያውንም ተመኑንም በአንድ ቁጥር የሚገልጠው ይህ ጥያቄ ነውና።