ወደ ልጅነቱ የሚመለስ ደምና የቆላችን ወባ

በካራቆሬና በሸዋ ሮቢት ቆላ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ወባም አብራው ትደርሳለች። ስለዚህ ስለ ደም የሚነገረው አዲስ ዕውቀት ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ አይታየኝም፤ ከዚሁም አንዱን ለአንባብያን ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሰውነታችን ያለው ሴል ሁሉ ከአንድ ሴል የተገኘ ነው። ሲባዛ አንዱ ቆዳ፥ አንዱ አጥንት፥ አንዱ ደም ይሆናል። አንድ ጊዜ ሥራውን ከያዘ ወደ ኋላ አይመለስም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን በ1962 በእንቁራሪት ላይ ባደረገው ምርምር ይህን እምነት አናጋው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ደግሞ በ2006 አራት ጂኖችን ከአይጥ በተወሰደ ሴል ውስጥ አስገብቶ ሴሉን ወደ መጀመሪያ ጠባዩ መለሰው። ሁለቱም በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እንዲህ ያለው ሴል እንደ ዛፍ ግንድ ልዩ ልዩ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ግንድ ሴል ይባላል። በ2010 ይኸው ሥራ ከሰው በተቀዳ ደም ተሳካ።

ይሁን እንጂ ከደም ውስጥ የሚመለሰው ነጩ እንጂ ቀዩ አይደለም። ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ቀዩ ሴል ሲጎለምስ የትእዛዝ መዝገቡን፥ ማለት ኒውክሊየሱን፥ አውጥቶ ይጥላል። ደብተሩን የጣለ ተማሪ ምን ይዞ ወደ አንደኛ ክፍል ይመለሳል! ነገር ግን ከነጩ የተገኘው ግንድ ሴል በተራው ቀይ ደም ወደ መሆን ሊያድግ ይችላል።

ወባን የሚመለከተውም ይህ ነው። በአገራችን ዋናዎቹ የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ፋልሲፓረምን ከ1976 ጀምሮ በላቦራቶሪ ማርባት ተችሏል። በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚያገረሸውን ቫይቫክስን ግን ሳያቋርጡ ማርባት እስከ ዛሬ አልተቻለም። የሚመርጠው ገና የተወለደውን ቀይ ሴል ነው፤ እርሱም በደማችን ውስጥ ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ሲሆን በአንድ ሁለት ቀን ይጎለምሳል። ደግሞም ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ ሴሉ ላይ ከሌለ ቫይቫክስ አይገባም ይባል ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ምልክቱ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ተገኝቷል። በየትኛው በር ገባ? ይህን ለመመርመር የእነዚያን ሰዎች ደም ደጋግሞ መቅዳት ሊያስፈልግ ነው። ከአንድ ጊዜ ቅጂ ግንድ ሴል ቢዘጋጅ ግን እየተባዛ ስለሚኖር፥ ወጣቱን ቀይ ሴል ከዚያው ምንጭ ደጋግሞ ማሳደግ ይቻላል።

ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። ከአራቱ ጂኖች አንዱ ነቀርሳ የሚያስከትል በመሆኑ ጥንቃቄ ያሻዋል። በላቦራቶሪ ያደገውም ቀይ ሴል ብዙውን ጊዜ ኒውክሊየሱን መጣል ያቅተዋል። ቢሆንም በእኔ አስተያየት ይህ ጥበብ ደም ለሕሙማን ከመስጠት ይልቅ አስቀድሞ ለወባ ምርመራ ይደርሳል፤ ለበሽተኛ በሚሰጥ አንድ ከረጢት ደም ውስጥ ወደ 2 ትሪሊዮን ቀይ ሴል ሲኖር፥ ለመርማሪው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃዋልና።